ባቡር ወይስ የኪራይ መኪና? ከፓሪስ እስከ ሮም በየከተማው እያረፉ ለሚጓዙ

ፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተከራይቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮም ላይ የሚያስረክብ ሰው፣ ከኪራዩ ከግማሽ በላይ የሚከፍለው ለቆመ መኪና ነው። 14 ሌሊቱን እንዲህ እናከፋፍለው፦ ፓሪስ 4፣ ስትራስቡርግ 2፣ ሉሰርን 2፣ ፍሎረንስ 2፣ የቶስካና ገጠር 2፣ ሮም 2። ከእነዚህ ውስጥ መኪና ደጅ ላይ መኖሩ በእርግጥ የሚጠቅመው በቶስካናው ገጠር ነው፤ ቢበዛ ከስትራስቡርግ ወደ ወይን አምራች መንደሮች በሚወጡበት አንድ ቀን ይጨመርበት። በቀሩት ቀናት መኪናው ፓርኪንግ ውስጥ ተኝቶ በየቀኑ 30 ዩሮ ገደማ ይበላል።

ሁሉንም በባቡር አደርገዋለሁ ብሎ የወጣም ሰው ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። የቶስካናዋ ፒየንዛ የባቡር ሐዲድ አይደርስም፤ ከስትራስቡርግ የሚወጡባት የወይን መንደር ሪክቪርም እንዲሁ። አውቶቡስ አለ፤ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፣ እሁድ ደግሞ ይብሳል። ሁለት መንደር ለማየት ሙሉ ቀን ይሄዳል።

ስለዚህ ጉዞውን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ መምረጥ ይሻላል። እዚህ የምናነጻጽረው ይህንኑ የፓሪስ–ሮም መስመር ይዘን ነው፤ ሌላ መስመር ያሰበም ስሌቱን ወደራሱ ሊያዞረው ይችላል። ዋጋዎቹ ለማቀድ የሚረዱ ግምቶች ናቸው፤ የባቡርም የኪራይም ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል።

መግቢያና መውጫ ከተማ፣ ከዚያ ቪዛ

አውሮፕላኑን ፓሪስ ደርሶ መልስ ቆርጦ መጨረሻ ላይ ከሮም ወደ ፓሪስ መመለስ አንድ ቀንና አንድ ትኬት ያባክናል። በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ትኬት ይፈልጉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፓሪስም፣ ሚላኖም፣ ሮምም ይበርራል፤ ከአሜሪካ የሚነሱም ይህን ዓይነት ትኬት በቀላሉ ያገኛሉ። ዋጋውን ማየት የሚገባው ባለብዙ ከተማ በሚለው መፈለጊያ ነው። ሁለት የአንድ መንገድ ትኬት ለየብቻ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የቪዛ ማመልከቻውን የሚያስገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድርበት አገር ነው። በእኛ መስመር ፈረንሳይ 6 ሌሊት፣ ጣልያንም 6 ሌሊት ነው። እኩል ሲሆን መጀመሪያ ወደሚገቡበት አገር ይኬዳል፤ እዚህ ፈረንሳይ ማለት ነው። ሮም ላይ አንድ ሌሊት ቢጨምሩ ግን ማመልከቻው ወደ ጣልያን ይዞራል። ቀጠሮ የሚገኝበትን ኤምባሲ አይቶ ሌሊት ማሸጋሸግ ይቻላል፤ ከቪዛው በኋላ ግን ያቀረቡትን ዕቅድ መገልበጥ አይገባም።

ለአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ በጣለው ገደብ መሠረት የማመልከቻው መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ውሳኔው አሁን በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ሲያመለክቱ ይጠይቁ። ለዕቅዱ ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መሃል ላይ ከፓሪስ ለንደን ደርሶ ልመለስ ቢል፣ እንግሊዝ ሼንገን ስላልሆነች መመለሻ የለውም። ለንደን የግድ ከሆነ ከጉዞው ጫፍ ላይ ይሁን፤ የራሷን ቪዛ እንደምትጠይቅም አይዘንጋ። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ሼንገን ውስጥ ናት፤ በእሷ ማለፍ ችግር የለውም።

የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲስ አሠራር ድንበር ላይ ፎቶና አሻራ ይወሰዳል፤ ከአውሮፕላን ወርዶ ቶሎ የሚነሳ ባቡር መያዝ ድሮም አደገኛ ነበር፣ አሁን ይበልጥ ሆኗል።

ቪዛው በምርጫው ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ። ርካሹ የባቡር ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይመልስም። የመኪና ኪራይ ግን በነጻ የሚሰረዝ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቪዛ የሚጠብቅ ሰው መኪናውንና ሆቴሉን አስቀድሞ ይይዛል፣ ባቡሩን ፓስፖርቱ ከተመለሰ በኋላ ይቆርጣል። በዚህ የሚጠፋው ርካሽ ዋጋ ቪዛ ተከልክሎ ከሚጠፋው ትኬት ያንሳል።

ባቡሩ የሚበልጥባቸው ቁራጮች

ፓሪስ–ስትራስቡርግ በፈጣኑ ባቡር 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ነው፤ በመኪና 490 ኪሎ ሜትር፣ ከፓሪስ መውጫው መጨናነቅ ጋር 5 ሰዓት ይጠይቃል። ሚላኖ–ፍሎረንስ በባቡር 2 ሰዓት፣ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል። ፍሎረንስ–ሮም 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን በመኪና ቢያንስ 3 ሰዓት ነው። ባቡሩ የሚያወርደው ደግሞ ከተማው መሃል ነው።

ስትራስቡርግ–ሉሰርን ላይ ውድድሩ እኩል ይሆናል፤ ባዝል ላይ ተቀይሮ 3 ሰዓት ቢጠጋ ነው፣ በመኪናም ከዚያ ብዙ አያንስም። ሉሰርን–ሚላኖ ላይ ባቡሩ እንደገና ይቀድማል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጎትሃርድ ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ መኪናው ግን 17 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የመንገድ ዋሻ ደጃፍ ላይ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ለሰዓታት ሊሰለፍ ይችላል።

ስዊዘርላንድ ውስጥ መኪና አይከራዩ። ላውተርብሩነን ሸለቆ ላይ ያሉት ቬንገንና ሙረን መኪና አይገባባቸውም፤ ሴርማትም እንደዚያው፤ መኪናውን ቴሽ አቁሞ በባቡር ነው የሚገባው። ባቡር፣ አውቶቡስና የሐይቅ ጀልባ ሰዓታቸውን አስማምተው ነው የሚሠሩት።

ትኬት ሲገዙ ሁለት ዓይነት ባቡር መኖሩን ይወቁ። ፈጣኖቹ፣ ማለትም የፈረንሳዩ ቴ-ዤ-ቬና የጣልያኑ ፍሬቻሮሳ፣ መቀመጫቸው የተወሰነ፣ ዋጋቸው ቀኑ በቀረበ ቁጥር የሚወጣ ነው። ሽያጩ የሚከፈተው ከወራት በፊት ነው፤ ያኔ የገዛ ሰው በመጨረሻው ቀን የገዛው ከሚከፍለው ግማሽ ወይም ሲሶ ሊከፍል ይችላል። የክልል ባቡሮቹ ግን ዋጋቸው አይለወጥም፣ ቦታም አያልቅባቸውም። ስትራስቡርግ–ኮልማር፣ ኦርቪዬቶ–ሮም የመሳሰሉትን በዕለቱ መግዛት ይበቃል፤ ከሦስት ወር በፊት መጨነቅ ትርጉም የለውም።

የጣልያን ክልል ባቡር አንድ ወጥመድ አለው። የወረቀት ትኬቱን ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ አጠገብ ባለው ትንሽ ማሽን ውስጥ ከትተው ማስመታት አለብዎት። በስልክ የገዙት ከሆነ መተግበሪያው ላይ የመሳፈሪያ ማረጋገጫውን ይጫኑ። ትኬት እያለው ይህን የረሳ ተሳፋሪ ይቀጣል፤ ‘አላወቅሁም’ ብዙ አይረዳም።

የሚሳሳቱባቸው ሌሎች ነገሮች

የከተማውን ስም በአገሬው አጠራር ይፈልጉ፦ ፊሬንዜ፣ ሚላኖ፣ ሉትሰርን። ፍሎረንስ ውስጥ የሚፈልጉት ጣቢያ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ሚላኖ ውስጥ ቼንትራሌና ፖርታ ጋሪባልዲ የተለያዩ ናቸው፤ ሮም ውስጥ ቴርሚኒና ቲቡርቲና አሉ። ፓሪስ ከግማሽ ደርዘን በላይ ታላላቅ ጣቢያ አላት። ወደ ስትራስቡርግ የሚነሳው ከጋር ደ ሌስት ነው፤ ከጋር ደ ሊዮን የሚነሳ መስሎት እዚያ ሻንጣ ጎትቶ የሄደ ባቡሩ ያመልጠዋል።

የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር በር የሚዘጋው ከመነሻው 2 ደቂቃ በፊት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሻንጣና አንድ የእጅ ቦርሳ ይፈቀድለታል፤ ሻንጣውን የሚያነሳልዎት ሰው ግን የለም። ለዘመድ ስጦታ የተሞላ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ አራት ጊዜ ባቡር መቀያየር ያንገሸግሻል። እንዲህ ያለ ጭነት ካለ መኪናውን ከመመኘት በፊት ሻንጣውን ሮም ወዳለ ዘመድ የሚልኩበትን ዘዴ ያስቡ።

ሰዓትና ቀን ሌላው ነው። ትኬቱ ላይ 07፡15 ያለው የጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚያስብ ካለ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። 00፡20 የሚል ባቡር ቀኑ የተቆጠረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ማክሰኞ ማታ የሚሳፈሩበት ባቡር ትኬቱ ላይ ረቡዕ ይላል። ከአሜሪካ የሚመጡ ደግሞ 04/07 ሲያዩ ጁላይ 4 እንጂ ኤፕሪል 7 እንዳልሆነ ያስታውሱ።

ሁለት ባቡር ለየብቻ ገዝተው የመጀመሪያው ቢዘገይ፣ ሁለተኛው ትኬት እንደጠፋ ይቁጠሩት። በአንድ ትኬት ሁሉን ያጠቃለለ ጉዞ ከሆነ ግን ባቡር ድርጅቱ በሌላ ባቡር የማድረስ ግዴታ አለበት። ለየብቻ መግዛት ካስፈለገ መሃሉ ከአንድ ሰዓት አይነስ። በኅብረቱ ሕግ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ ከትኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ 50 በመቶ ይመለሳል፤ ካልጠየቁ ግን ማንም አይሰጥዎትም።

አድማ በጣልያንና በፈረንሳይ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ጣልያን ውስጥ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የተወሰኑ የክልል ባቡሮች አድማም ቢሆን ይሠራሉ። ወደ አውሮፕላን የሚሄዱበት ቀን ላይ አድማ ከታወጀ በዚያ ሰዓት ይውጡ።

ፓሱስ?

ፓስ ማለት በአንድ ክፍያ በብዙ አገር ባቡሮች ለተወሰኑ ቀናት የሚያስጉዝ ትኬት ነው። መኖሪያዎ ከአውሮፓ ውጭ ከሆነ ዩሬይል፣ አውሮፓ የሚኖሩ ከሆነ ኢንተርሬይል ይገዛሉ። የሚወስነው ፓስፖርቱ አይደለም፤ ስቶክሆልም የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ኢንተርሬይል ነው የሚገዛው። ኢንተርሬይል በሚኖሩበት አገር ውስጥ የሚያገለግለው ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ነው።

ለዚህ መስመር ፓስ አያዋጣም። የረጅም ባቡር ቀናቱ ሦስት ናቸው፦ ፓሪስ–ስትራስቡርግ፣ ስትራስቡርግ–ሉሰርን፣ ሉሰርን–ፍሎረንስ። በአንድ ወር ውስጥ 4 ቀን የሚያስጉዘው ፓስ ለአዋቂ ወደ 280 ዩሮ ይጠጋል፤ በላዩ ላይ ለፈረንሳዩና ለጣልያኑ ፈጣን ባቡር የመቀመጫ ክፍያ ለየብቻ አለ፣ የፈረንሳዩም ለፓስ ያዦች የተመደበ መቀመጫ ያልቃል። እነዚያኑ ትኬቶች ቀደም ብሎ የገዛ ሰው ከ150 እስከ 230 ዩሮ ባለው ውስጥ ይጨርሳል። ኢታሎና ዊጎ የሚባሉት ባቡሮችም ፓሱን አይቀበሉም።

ፓሱ ዋጋ የሚያወጣው ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ ብዙ ቀን ለሚንቀሳቀስ፣ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበትን ለሚወስን ሰው ነው፤ እዚያ በአብዛኛው ያለ መቀመጫ ክፍያ ያሳፍራል። ልጆች ያሉት ቤተሰብም ያስላው፦ ከአንድ አዋቂ ጋር ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ሁለት ልጆች ፓሱ በነጻ ይሰጣቸዋል።

መኪናው የሚበልጥበት ቁራጭ

ስትራስቡርግ ባለችበት ክልል፣ በአልዛስ እንጀምር። ከስትራስቡርግ ኮልማር በክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ኤጊሳይም ከኮልማር በብስክሌት ይደረሳል። ሪክቪርና ካይዘርስበርግን ለመጨመር ብቻ ለአንድ ቀን መኪና መከራየት አንመክርም። ጠዋት ወረፋውና ወረቀቱ፣ ማታ ማስረከቡ ሦስት ሰዓት ይበላል። አራት ሰው ከሆኑ ለግማሽ ቀን ሾፌር ያለው መኪና መጠየቁ አይከፋም።

ቶስካና ግን ሌላ ነው። ቫል ዶርቻ የሚባለው ሸለቆ፣ ፒየንዛ፣ ሞንቴፑልቻኖ፣ ሞንታልቺኖ ያለ መኪና አይሆኑም። ገጠር ውስጥ ያለ የእርሻ ቤት ማረፊያ ከፍሎረንስ ሆቴል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ፓርኪንጉም ነጻ ነው፤ የመኪናው ኪራይ ከፊሉ ከዚያ ይመለሳል። ሲዬና ብቻ ከሆነ ሐሳቡ፣ ከፍሎረንስ በአውቶቡስ ይሂዱ።

መኪናውን የሚረከቡት ፍሎረንስን አይተው በጨረሱበት ጠዋት ነው። ከተማው ውስጥ ካለ ቢሮ አይረከቡ፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ አጠገብ ሁለተኛው የትራም መስመር በ20 ደቂቃ ገደማ አውሮፕላን ማረፊያው ያደርሳል፤ እዚያ ይረከቡና ወደ ደቡብ ይውረዱ። ለማስረከብ የምንመርጠው ወደ ሮም መንገድ ላይ ያለችውን ኦርቪዬቶን ነው፤ ባቡር ጣቢያው አካባቢ አስረክበው በክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ተጉዘው ሮም ይገባሉ። ሮም ውስጥ መኪና መንዳት ጨርሶ አያስፈልግዎትም።

ቢሮው ፊት ሲቆሙ

ብዙ ሰው ኪራዩ የሚበላሽበት እዚህ ነው። ሦስት ነገር ይጠየቃሉ፦ ዋናው መንጃ ፈቃድ፣ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ እና በነጂው ስም የሆነ ክሬዲት ካርድ።

ዓለም አቀፉ ወረቀት ጣልያን ውስጥ ከአውሮፓ ውጭ የወጣ መንጃ ፈቃድ ለያዘ ሰው ግዴታ ነው። የሚሰጠው መንጃ ፈቃዱ በወጣበት አገር ብቻ ስለሆነ ሳይጓዙ ይውሰዱ፤ ብቻውንም አያገለግልም፣ ከዋናው ጋር ነው የሚታየው። ‘ቢሮው ሳይጠይቀኝ መኪናውን ሰጠኝ’ የሚል ብዙ ነው፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ወይም ከአደጋ በኋላ ኢንሹራንሱ ይጠይቃል።

ካርዱ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ትልቁ እንቅፋት ነው። ባንክ አስቀድሞ ገንዘብ ሞልቶ የሚሰጠውን ካርድ ብዙ ኪራይ ቤቶች ለመያዣ አይቀበሉም፤ ዴቢት ካርድም ይጠራጠራሉ። የሚስት ካርድ ለባል ኪራይ አይሠራም። ክሬዲት ካርድ ያለው የቤተሰብ አባል ካለ ዋናው ነጂ እሱ ይሁን፣ ሌላው ተጨማሪ ነጂ ሆኖ ይመዝገብ፤ ለዚህ በቀን የሚከፈል አለ። ነጂው ከ25 ዓመት በታች ከሆነም ጭማሪ አለ።

መያዣው ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል። ይህ ገንዘብ መኪናው ቢጎዳ ከኪስዎ የሚወጣው የራስ ድርሻ ነው። ቢሮው ይህን ዜሮ የሚያደርግ ኢንሹራንስ በቀን ከ15 እስከ 30 ዩሮ ይሸጣል። ከሌላ ድርጅት አስቀድሞ የሚገዛው ይረክሳል፤ ልዩነቱ ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ እርስዎ ከፍለው በኋላ የሚያስመልሱት መሆኑ ነው፣ መያዣውም አይቀርም። ለሦስት ቀን ኪራይ፣ ካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ ለሌለው ሰው የቢሮውን መግዛት ያዋጣል። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው የታችኛው አካል ከመደበኛው ሽፋን ውጭ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የቶስካና እርሻ ቤት መንገድ ጠጠር ነው።

ካምቢዮ ያለው መኪና የተለመደው ነው። አውቶማቲክ የሚፈልግ ሲያዝ በግልጽ ይምረጥ፤ በክፍያም ይለያል፣ ቁጥሩም ያነሰ ነው። የሻንጣ ቦታም ይመልከቱ፦ ‘አምስት ሰው’ የሚለው መቀመጫውን እንጂ አራት ትልቅ ሻንጣውን አይቆጥርም።

መኪናውን ሳያስነሱ ዙሪያውን፣ ጎማዎቹንና የነዳጅ መለኪያውን በቪዲዮ ይቅረጹ። ሲመልሱም እንደዚያው። ሙሉ ተረክቦ ሙሉ መመለስ የሚለውን ይምረጡ፣ የመጨረሻውን ማደያ ደረሰኝ ይያዙ።

ማደያ ላይ ጣልያን ቤንዚንን ‘ቤንዚና’ ይላል። ‘ጋዞሊዮ’ ናፍጣ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ‘ጋዝ’ የሚለውን ቃል ስለለመደ እዚህ ይሳሳታል፤ ሞተር ካስነሳ ወጪው ከባድ ነው፣ ኢንሹራንሱም አይሸፍነውም። ፈረንሳይ ‘ጋዞል’፣ ስፔን ‘ጋሶሌዮ’ ሲሉም ናፍጣ ማለታቸው ነው፣ የስፔን ‘ጋሶሊና’ ደግሞ ቤንዚን። በመላው ኅብረቱ የሚሠራ ምልክት አለ፦ ክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10 የተጻፈበት ቤንዚን፣ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 የተጻፈበት ናፍጣ። የመኪናው ነዳጅ ክዳን ላይም ያው ምልክት አለ፤ ማዛመድ ይበቃል።

ከወራት በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ

የጣልያን ከተሞች መሃላቸውን ለነዋሪ መኪና ብቻ ከልለዋል፤ ምልክቱ ላይ ‘ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ’ ይላል። ፍሎረንስ፣ ሲዬና፣ ፒዛ፣ ሮም ሁሉም አላቸው። በር ላይ ዘበኛ የለም፤ ካሜራ ታርጋ አንስቶ ይልካል። ከሁሉ የሚያሳስተው የመብራቱ ጽሑፍ ነው፦ ‘ቫርኮ አቲቮ’ ሲል ክፍት ነው ማለት አይደለም፣ ካሜራው እየሠራ ነው፣ አይግቡ ማለት ነው። ‘ኖን አቲቮ’ ሲል ማለፍ ይቻላል። መንገድ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ የዞረ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ኪራይ ቤቱ ስምዎን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ የራሱን ክፍያ ከካርድዎ ይወስዳል፤ ቅጣቱ ራሱ ወራት ቆይቶ ቤትዎ ይመጣል። ሆቴልዎ ክልሉ ውስጥ ከሆነ አስቀድመው ደውለው ታርጋውን ያስመዝግቡ። ቃሉ ጣልያንኛውም ‘ታርጋ’ ስለሆነ አስተርጓሚ አይፈልጉም።

ፓርኪንግ ላይ ነጭ መስመር ነጻ ነው፣ ሰማያዊ ይከፈልበታል፣ ቢጫውን አይንኩት። አውራ ጎዳና ላይ ሲገቡ ትኬት ይወስዳሉ፣ ሲወጡ ይከፍላሉ፤ ቢጫው ‘ቴሌፓስ’ የሚል መስመር መሣሪያው ለተገጠመላቸው ነው። በስህተት ከገቡ ወደኋላ አይመለሱ፤ የጥሪ ቁልፉን ተጭነው ወረቀት ይጠይቁ።

በመኪና ስዊዘርላንድን የሚያቋርጥ 40 ፍራንክ የአውራ ጎዳና ፈቃድ ይገዛል፤ ለአንድ ቀንም ለዓመትም ዋጋው ያው ነው፣ ያለሱ ከተያዘ ቅጣቱ 200 ፍራንክ ነው። ኦስትሪያ የ1 ቀንና የ10 ቀን ፈቃድም አላት። ጀርመን ለትንሽ መኪና አታስከፍልም። ፈረንሳይ ውስጥ ወደ ኖርማንዲ የሚወስደው ኤ13 ኬላው ተነስቶ በካሜራ ሆኗል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት ካልተከፈለ ቅጣት ይከተላል።

ሲደመር

ሁሉን በመኪና፦ የ14 ቀን ኪራይ ከ630 እስከ 840 ዩሮ፣ ፓሪስ ተረክቦ ሮም ለመመለስ 500 ገደማ፣ ለ1,850 ኪሎ ሜትር በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ሂሳብ 120 ሊትር ነዳጅ ወደ 216፣ የመንገድ ክፍያ ከ130 እስከ 150፣ ፓርኪንግ ከ240 እስከ 300። ከ1,700 እስከ 2,000 ዩሮ ይሆናል፣ ያውም ከተጨማሪ ኢንሹራንስ በፊት። በሌላ አገር መመለስን ጭራሽ የማይፈቅዱ ኪራይ ቤቶችም አሉ።

ድብልቁ፦ ቀደም ብሎ የተገዛ ባቡር ለአንድ ሰው ከኦርቪዬቶ–ሮሙ ጋር ከ160 እስከ 240፣ የሦስት ቀን መኪና ከነነዳጁ ከ210 እስከ 280። ለሁለት ሰው ከ530 እስከ 760፤ ለአራት አዋቂ ከ850 እስከ 1,240 ዩሮ። አራት ሲሆኑ መኪናው ይረክሳል የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ አይሠራም፤ የሚያከስረው በሌላ አገር መመለሱና ፓርኪንጉ ነው።

መኪናው በዋጋም በምቾትም የሚያሸንፈው በአንድ አገር ውስጥ ዞሮ ወደተነሱበት በሚመለስ የገጠር ጉዞ ነው። ሲሲሊ፣ ሰርዴኛ፣ ፑልያ፣ ፕሮቫንስ፣ የአንዳሉሲያ ነጫጭ መንደሮች፣ የአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ለዚህ ይመቻሉ። ፓሪስ–ብራሰልስ–አምስተርዳም ወይም ፕራግ–ቪየና–ቡዳፔስት ላይ ግን መኪና የሚያስበው ሰው ምክንያቱን ደግሞ ይጠይቅ። ማድሪድ–ባርሴሎና ላይ ሬንፌ፣ ኢርዮና ዊጎ የተባሉ ባቡር ድርጅቶች ስለሚፎካከሩ 620 ኪሎ ሜትሩ በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቀድሞ ለገዛ በትንሽ ዋጋ ያልቃል።

የአያያዝ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ሌሊቶቹን ቆጥሮ ኤምባሲውን መለየት፣ ቀጠሮ መያዝ። ከዚያ የሚሰረዝ ሆቴልና በነጻ የሚሰረዝ መኪና። ፓስፖርቱ ሲመለስ በዚያው ቀን ሦስቱን ረጅም ባቡሮች መቁረጥ፤ መጀመሪያ ፓሪስ–ስትራስቡርግን፣ በተለይ ዓርብ ማታ ወይም እሁድ ከሆነ። የክልል ባቡሮቹን መተው።

መኪናውን ሲይዙ የኦርቪዬቶውን ቢሮ የሥራ ሰዓት አስቀድመው ይመልከቱ። ትንንሽ ከተማ ያሉ ቢሮዎች ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ አይከፍቱም። የመመለሻው ቀን እሁድ ላይ ከዋለ ወይ የቶስካናውን ሁለት ሌሊት ከፍሎረንሱ ጋር ያለዋውጡ፣ ወይ መኪናውን ወደ ፍሎረንስ አውሮፕላን ማረፊያ መልሰው በፈጣኑ ባቡር ሮም ይግቡ።